ሁለት ረድፍ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ፦ በደብረ ማርቆስ የልጆች ቅርጫት ኳስ ስልጠና

እኔ አናጢ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በር፣ መስኮት፣ አልጋና ቁም ሳጥን ስሠራ 26 ዓመት ሆኖኛል። ልጄን ከዓመት በላይ የላክሁበትን የቅርጫት ኳስ ስልጠና ብዙ ወላጆች ይጠይቁኛል፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በለቅሶ ቤት፣ ሱቄ ድረስ መጥተውም ጭምር። ለሚከፈለው ገንዘብ ይገባዋል ወይ? ሰውየው ያስተምራል ወይስ ያጫውታል? ለሴት ልጅስ ይሆናል ወይ? ለእያንዳንዱ ሰው ቆሜ ከማስረዳ ያየሁትን አንድ ላይ ላስፍረው ብዬ ነው።

አሰልጣኙን ያወቅሁት በልጄ ሳይሆን በሥራዬ ነው። ዓምና መስቀል ባለፈ በሳምንቱ አንድ ረጅም ሰው የሱቄ ጉበን እንዳይመታው ጎንበስ ብሎ ገባ። ቀኝ እግሩን በትንሹ ይጎትታል። ከደረት ኪሱ የደብተር ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ሥዕሉ በማስመሪያ የተሠራ ነው። ወርዱ 1 ሜትር ከ80፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር፣ በውስጡ ደግሞ 59 በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ አራት ማዕዘን። "የቅርጫት ኳስ ሰሌዳ ነው፤ ሁለት እፈልጋለሁ" አለኝ። ብዙ ደንበኛ "አንተ እንደምታውቅ አድርገው" ብሎኝ ይሄድና ሥራው ሲያልቅ ይነጫነጫል። ይህ ሰው የሚፈልገውን በሳንቲ ሜትር ያውቃል። ገና ስሙን ሳልጠይቀው ወደድሁት።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ከሰሌዳው ጀርባ በሚገቡት ሁለት ቋሚ እንጨቶች ላይ የብሎን ቀዳዳው ሁለት ረድፍ እንዲሆን፣ በረድፎቹ መካከል ያለው ርቀትም ልክ 45 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን አዘዘኝ። ምክንያቱን ጠየቅሁት። የቅርጫት ኳስ ቀለበት ለአዋቂዎች ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው የሚሰቀለው፤ 12 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ግን 2 ሜትር ከ60 መሆን አለበት አለኝ። ልዩነቱ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። ብሎኑን ፈትቶ ሰሌዳውን ዝቅ ለማድረግና መልሶ ከፍ ለማድረግ ነው ለካ። ሕፃን ልጅ ትልቅ ኳስ ይዞ ወደ ሩቅ ቀለበት ሲወረውር ጉልበት ስለሚያንሰው ወገቡን ይለምጣል፣ ክንዱን ወደ ጎን ይከፍታል፤ ያ ልማድ አብሮት ያድጋል፤ በ18 ዓመቱ ላቃናህ ብትለው አይቃናም። ኳሱም እንደዚሁ ነው። ወንዶች አዋቂዎች በ7 ቁጥር፣ ሴቶች በ6 ቁጥር፣ ሕፃናት በ5 ቁጥር ኳስ ይጫወታሉ። ይህን ሁሉ የነገረኝ ቆሞ፣ ወንበር ስሰጠው እንኳ ሳይቀመጥ ነው።

የዚያን ቀን ማታ ለባለቤቴ "ልጃችንን ለዚህ ሰው እንስጠው" አልኋት። ባለቤቴ ቶሎ እሺ አላለችም፤ ምክንያትም ነበራት። ከሦስት ዓመት በፊት ትልቁን ልጃችንን ሌላ ስልጠና አስገብተነው ነበር። ስሙንም የስፖርቱን ዓይነትም አልጠቅስም። አሰልጣኙ በጨዋታ ዘመኑ የተጨበጨበለት ሰው ነበር። ችግሩ ስልጠናው ላይም የሚጫወተው እሱ መሆኑ ነበር። ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው ያያሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ኳስ ሳይነኩ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ተበተነ፤ የሦስት ወር ክፍያችንም በዚያው ቀረ። ልጄን ከገንዘቡ ይልቅ የከነከነው "እኔን አንድ ቀን እንኳ በስሜ አልጠራኝም" የሚለው ነበር። መጫወት የቻለ ሁሉ ማስተማር እንደማይችል የተማርነው በልጃችን ነው።

ስለዚህ ይህኛውን ሰው ገና ከመጀመሪያው በጥርጣሬ ነው የተከታተልሁት። አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ክለብ ዘጠኝ ዓመት በደመወዝ ተጫውቷል። ልጅነቱ ግን እዚሁ ጎጃም ነው፤ የዘይት ቆርቆሮ አፉን ቆርጦ ባሕር ዛፍ ላይ በምስማር መትቶ፣ የጨርቅ ኳስ እየወረወረ ነው የጀመረው። በክለቡ ከፍ ያለ ስም አልነበረውም። ጉልበቱ ከተጎዳ በኋላ ያሉትን የመጨረሻ ሦስት ዓመታት ከሜዳው ይልቅ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው ያሳለፈው። ያኔ ዋናው አሰልጣኝ አንድ ደብተር ሰጥተው ከወንበሩ ላይ ሆኖ የሚያየውን እንዲጽፍ አዘዙት፤ ማን ዘግይቶ እንደተመለሰ፣ ማን በግራ እጁ ማቀበል እንደሚፈራ፣ የተቃራኒ ቡድን ተከላካይ ሲደክም የትኛውን እግሩን እንደሚያስቀድም። መጀመሪያ ቅጣት መስሎት ተናዶ ነበር። በኋላ እኝህ ሰው ምክትላቸው አደረጉት። ዛሬም ደረት ኪሱ ውስጥ ደብተር አይጠፋም፤ ለእኔ የሰጠኝ የሰሌዳው ሥዕልም ከዚያ የተቀደደ ወረቀት ነበር።

ልጄ ስትገባ 11 ዓመቷ ነበር። ቁመቷ ከእኩዮቿ ያጠረ ነው። የመጀመሪያውን ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ጋቢዬን ተከናንቤ ሜዳው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አየሁ። ወሩን ሙሉ አንድም ልጅ ወደ ቀለበቱ አልወረወረም። ይሮጣሉ፣ ይቆማሉ፤ ይሮጣሉ፣ ይቆማሉ። ኳስ ይዘው በአንድ እግር ተተክለው በሌላው ይዞራሉ። ሰሌዳዎቼ በአዲስ ቀለም አብረው ተሰቅለዋል፤ የሚነካቸው የለም። በአራተኛው ቅዳሜ አላስችል አለኝና "ልጆቹን ሯጭ ልታደርጋቸው ነው?" አልሁት።

አልተቆጣም፤ አላብራራልኝምም። "ጋሼ፣ የልጅዎን ግራ እግር ብቻ ይመልከቱልኝ። ኳስ ተቀብላ ስትቆም ያ እግር ከተተከለበት ከተነሣ አንድ ብለው ይቁጠሩ" ብሎኝ ወደ ልጆቹ ተመለሰ። እርሳሴን አውጥቼ በኪሴ ባገኘሁት ቁራጭ እንጨት ላይ መሰመር ጀመርሁ። አሥር ጊዜ ኳስ ተቀበለች፤ ሰባት ጊዜ እግሯ ተነሣ። በጨዋታ ቢሆን ሰባቱም ጥፋት ናቸው፤ ኳሱ ለተቃራኒ ቡድን ይሰጣል። ከአምስት ሳምንት በኋላ በዚያው እንጨት ጀርባ ላይ እንደገና ቆጠርሁ። ከአሥሩ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሣ። እንጨቱ አሁንም ሱቄ ውስጥ ከመጋዙ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አለ፤ ለሚጠይቀኝ ወላጅ የማሳየው እሱን ነው።

ውርወራ የተጀመረው በሁለተኛው ወር ነው፤ የዚህን ሰው የማስተማር ችሎታ በቅርብ ያየሁትም ያኔ ነው። ልጄ ኳሱን መዳፏ ላይ ሙሉ በሙሉ አስተኝታ ትወረውር ስለነበር ኳሱ ከእጇ ሲወጣ አይሽከረከርም፤ ሰሌዳውን እንደ ድንጋይ መትቶ ይመለሳል። አሰልጣኙ መጣና ከጆሮዬ ላይ ጠፍጣፋውን የአናጢ እርሳሴን አንሥቶ ወሰደ። "ያዢው" ብሎ ኳሱን በቀኝ እጇ አስያዛት፤ እርሳሱን በኳሱና በመዳፏ መካከል ሊያሳልፍ ሞከረ። አልገባም። ጣቶቿን አንድ በአንድ እየነካ ከፈታቸው፤ አውራ ጣቷን ወደ ውጭ ገፋ አደረገ፤ ኳሱ ጣቶቿ ላይ ቆመ። እርሳሱ ገብቶ በሌላው ወገን ወጣ። "ይህ ቦታ ሁልጊዜ ይኑር" አላት። ከዚያ ክርኗን በእጁ ሳይይዝ፣ ከክርኗ ሥር መዳፉን ዘርግቶ ቆመና "ክርንሽ እጄን ሳይነካ ወደ ላይ ይሂድ" አለ። በስድስተኛው ውርወራ ኳሱ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ሄዶ በትንሹ አራት ማዕዘን ጥግ በኩል ገባ። ልጄ ወደ እኔ አልዞረችም፤ እጇን ነው ያየችው። እኔም ተለማማጅ አሠለጥናለሁና ልጅ የራሱን እጅ ማየት ሲጀምር ትምህርቱ እንደገባው አውቃለሁ። እርሳሴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱ ሆነ፤ ሌላ ገዛሁ።

በክረምት ሜዳው ውሃ ሲተኛበት ልጆቹን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ በላፕቶፕ የቆየ ጨዋታ ያሳያቸዋል። አንዳንድ ወላጆች "ፊልም እያሳየ ያስከፍላል" ይላሉ። እኔ ሁለት ጊዜ ገብቼ ተቀምጫለሁ፤ እንዲህ የሚሉት ስላልገቡ ነው። እ.ኤ.አ. የ1997 የኤንቢኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ነበር፤ ቺካጎ ቡልስ ከዩታ ጃዝ። 86 እኩል ናቸው። ኳሱ በማይክል ጆርዳን እጅ ነው፤ ሁለት ሰው ተረባረበበት። እዚህ ላይ አስቆመውና "ኳሱን እርሱት፤ ይህን ልጅ እዩ" ብሎ በጣቱ አመለከተ። ስቲቭ ከር ነው። ጠባቂው ጆን ስቶክተን ጆርዳንን ለማገዝ ሲተወው ከር አይጮህም፣ እጁን አያወዛውዝም፤ እግሮቹን አስተካክሎ፣ ጉልበቱን አጥፎ ዝግጁ ሆኗል። ጆርዳን አቀበለው፤ 5 ሰከንድ ሲቀር አስገባ። ጨዋታው 90 ለ86 አለቀ። አሰልጣኙ ያችን አንዲት አፍታ ዘጠኝ ወይም አሥር ጊዜ ወደ ኋላ መለሳት። በመጨረሻ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ "ኳሱ ሳይመጣ እግሩ ደርሷል!" ብሎ ጮኸ። የፈለገውም ይህንኑ ነበር።

ከዚያ ስለ ከር ሕይወት ነገራቸው። የተወለደው ቤይሩት ነው። አባቱ በዚያው ከተማ የሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲገደሉ ልጃቸው 18 ዓመቱ ነበር። በ1988 ክለቦች ተጫዋች ሲመርጡ 50ኛ ሆኖ ተጠራ። በኤንቢኤ ዘመኑ ሁሉ በአማካይ በጨዋታ 6 ነጥብ ነው ያስቆጠረው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከተጠባባቂ ወንበር ተነሥቶ ነው የሚገባው። ከሩቅ ከሚወረውራቸው ባለ ሦስት ነጥብ ኳሶች ግን 45.4 በመቶውን በማስገባት በሊጉ ታሪክ ተወዳዳሪ የለውም። በተጫዋችነት አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በ2014 የጎልደን ስቴት ክለብ አሰልጣኝ ሆኖ ከተሾመ በኋላ ደግሞ በ2015፣ በ2017፣ በ2018 እና በ2022 አራት ዋንጫ ጨመረ። አንዱ ልጅ "ጆርዳንስ አሰልጣኝ ሆነ?" ብሎ ጠየቀ። "አልሆነም" አለና የማጂክ ጆንሰንን ታሪክ አነሣላቸው። ማጂክ ሲጫወት አምስት ዋንጫ ያነሣ፣ ወደር የሌለው አቀባይ ነበር፤ በ1994 የሌከርስን ክለብ ለ16 ጨዋታ አሰልጥኖ አምስቱን ብቻ አሸነፈና ተወው። ይህን ሲናገር ማጂክን ዝቅ ለማድረግ አልነበረም፤ ሁለቱ ሥራ የተለያየ መሆኑን ልጆቹ እንዲያዩ ነው። እኔም ያን ጊዜ ትልቁ ልጄን ያሳዘነው ሰው ትዝ ብሎኝ ነገሩ ገባኝ።

ልጄን ግን የያዛት የአሜሪካዊቷ ተጫዋች የቤኪ ሃሞን ታሪክ ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ68 ነው፤ ለዚህ ጨዋታ አጭር ከሚባሉት ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 ከዩኒቨርሲቲ ስትወጣ የመረጣት ክለብ አልነበረም። በራሷ ጥረት የሴቶቹ ሊግ ገብታ 16 የውድድር ዘመን ተጫወተች። በ2013 የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ስታገግም ቤቷ አልተቀመጠችም፤ በምትኖርበት በሳን አንቶኒዮ ከተማ የሚገኘውን የወንዶች ክለብ ስፐርስን ልምምድ እየሄደች ትመለከት፣ ትጠይቅ ነበር። በ2014 ዋናው አሰልጣኝ ግሬግ ፖፖቪች ከረዳቶቻቸው አንዷ አደረጓት፤ ከር ራሱ በተጫዋችነቱ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዋንጫዎች ያገኘው በእኝሁ ሰው ሥር ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2020 ፖፖቪች በዳኛ ከሜዳ ሲባረሩ ቡድኑን እሷ መርታ ጨረሰች፤ በኤንቢኤ ጨዋታ ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በኋላ የሴቶቹን ክለብ ላስ ቬጋስ ኤስስን ይዛ በ2022፣ በ2023 እና በ2025 ዋንጫ አነሣች። ልጄ ቤት እንደገባች "አባዬ፣ ሜትርህን አምጣ" አለችኝ። በሳሎኑ በር መቃን ላይ 1 ሜትር ከ68ን ለካሁላት፤ የሷንም ለካሁላት። የቀራትን 27 ሳንቲ ሜትር ራሷ ቀንሳ ጻፈችው።

አሁን ወደ ገንዘቡና ወደ ሰዓቱ ልመለስ። በወር 600 ብር ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል፣ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ሁለት ሁለት ሰዓት። መክፈል የማይችል ልጅ አይመለስም፤ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ ልጆቹ አያውቁም። በዐቢይ ጾም የሚጾሙትን ልጆች አያስሮጥም፤ ቆመው የቅጣት ውርወራ እንዲለማመዱ ያደርጋል። ይህን ማንም አልነገረውም፤ የአገሩን ልጅ ያውቃል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከቆላ ተዛውረው የመጡ ልጆች መጀመሪያ ቶሎ ያለከልካሉ። ለእነሱ የመጀመሪያውን ሦስት ሳምንት ሩጫውን በግማሽ ይቀንስላቸዋል።

ቅር ያሰኙኝን ነገሮች ደግሞ ሳልሸፍን ልናገር። ሜዳው ላይ ውሃ የለም፤ ልጅዎን ያለ ውሃ ኮዳ አይላኩ። ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል። ሚያዝያ ላይ ልጄ ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ ቁስል የሚጠረግበት ጥጥ እንኳ አልነበረም፤ ያን ቀን አሰልጣኙን በኃይል ተናግሬዋለሁ፤ አሁንም አልጸጸትም። በማግስቱ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ሠርቼ ወሰድሁ፤ እሱ ደግሞ ፋሻውንና አዮዲኑን ገዝቶ ሞላው። ሠላሳ አራት ልጆች ናቸው፤ ኳሱ ስምንት ነው፤ ከዚያም ሁለቱ አየር አይዙም። ይህ ቁጥር ይበዛበታል፤ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ደረሰኝ አይሰጥም፤ በደብተሩ ላይ ነው የሚጽፈው። በሰዓቱ ይጀምራል፤ በሰዓቱ አይጨርስም፤ እሑድ አንዳንዴ ሊመሽ ሲል ነው የሚለቃቸው፤ ሴት ልጅ ያለው ወላጅ ሄዶ መቀበል አለበት። ስለ ልጁ ለወላጅ የመንገር ልማድም የለውም፤ ካልጠየቁት አይናገርም። ከጠየቁት ግን ደብተሩን ገልጦ ልጅዎ ባለፈው ወር ስንት ጊዜ በግራ እጇ እንዳቀበለች ይነግርዎታል።

ለማን ይሆናል ለሚለኝ፣ ልጁ በሦስት ወር ውስጥ ግጥሚያ ገብቶ ዋንጫ እንዲያመጣ የሚፈልግ ወላጅ እዚህ ባያመጣው ይሻላል፤ ይናደዳል። ከ8 እስከ 14 ዓመት ላለ ልጅ፣ በተለይ አጭር ነኝ ብሎ ለሚያፍር ወይም ኳስ ለሚፈራ፣ ከዚህ የተሻለ ቦታ በከተማችን አላየሁም። ለሴት ልጅ ይሆናል ወይ ለሚሉኝም፣ ከሠላሳ አራቱ አሥራ ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ ከወንዶቹ ጋር በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ፤ የሚታረሙትም በእኩል ድምፅ ነው። መግቢያው በየወሩ መጀመሪያ ነው። ቀድማችሁ ሂዱና አንድ ቅዳሜ ተቀምጣችሁ እዩ፤ አይከለክልም። ስትሄዱ የልጆቹን እግር እንጂ ኳሱን አትከተሉ።

ልጄ ጥቅምት ላይ 12 ዓመት ሞላት። በዚያው ሳምንት አሰልጣኙ ሱቄ መጥቶ "ጋሼ፣ የምሥራቁን ሰሌዳ ከፍ እናድርገው" አለኝ። ቅዳሜ ማለዳ ልጆቹ ሳይመጡ መሰላሉን ተሸክሜ ሄድሁ። እሱ ከሥር ይዞልኝ ብሎኖቹን ፈትቼ ሰሌዳውን በሁለተኛው ረድፍ አሰርሁት፤ ሜትሬን ዘርግቼ ለካሁ፤ ቀለበቱ 3 ሜትር ከ5 ላይ ነው። ልጄ መጥታ አንጋጥጣ አየችውና ምንም አልተናገረችም። የመጀመሪያዎቹ አራት ውርወራዎቿ መረቡን እንኳ አልነኩም። በአምስተኛው ወገቧን ስትለምጥ አሰልጣኙ አያት፤ ወደ እሷ እየሄደ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድድ ጠፍጣፋው እርሳሴ ብቅ አለ።